ተክሊሉስ?

«ተክሊሉስ?» ይላሉ አባየ ለሦስተኛ ጊዜ። ዶክተር ፀደንያም ለሦስተኛ ጊዜ ታስረዳቸዋለች። ትዕግሥቷ ይገርማል፤ እኔ ብሆን በሁለተኛው ጥያቄያቸው እሄድ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ነን። ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ተኝቻለሁ፤ የቀዶ ጥገናው ክፍል አሥር እርምጃ ቢቀረኝ ነው። ለካስ ስፈጠር ጀምሮ የማህፀኔን መውጫ የድንግልናዬ ስጋ ጋርዶት ኖሯል። ሃያ ዓመት ሞልቶኝ የወር አበባ አይቼ አላውቅም፤ ወር በመጣ ቁጥር ግን ሆዴን ይዤ እንከባለላለሁ። አገራችን ሽንዲ ውስጥ ያልጠጣሁት ጠበል፣ ያልተባልኩትም ነገር የለም።

«ደሙ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው፣ አባ» ትላለች ዶክተሯ። «ካልከፈትነው ማህፀኗ ይጎዳል። ልጅም ላትወልድ ትችላለች።»

«እሱስ ገብቶኛል። ግን ያጫት ዲያቆን ነው። ድንግል አግብቶ በተክሊል ካልቆረበ ቅስና የለውም። ቢላዋ ከነካት አገሩ ምን ይላል?»

አገሩማ ይሄኔ አጨዳ ላይ ነው። እዚህ የምቃጠለው እኔ ነኝ።

ያጨኝ ዲያቆን ላቀው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ድጓ የሚያስተምሩት አባየ ስለሆኑ እሳቸው ሲናገሩ ቀና ብሎም አያይ። እወደዋለሁ። ቅስናውን ከልጅነቱ ጀምሮ እንዴት እንደሚመኘው አውቃለሁ። «ይቅርብሽ» ካለኝ እሺ እንዳልል ዓይኑን ማየት እፈራለሁ።

ዶክተሯ የፈቃድ ወረቀቱን ከአባየ እጅ ቀስ አድርጋ ትወስድና ለእኔ ትሰጠኛለች።

«ፊርማው የእሷ ነው፣ አባ።»

ላቀው አፉን ሳይከፍት እፈርማለሁ።

«የኔታ» ይላል ላቀው፤ ድምፁ ይቆራረጣል። «የሐኪም ቢላዋ እኮ ወንድ አይደለም። ጳጳሱ ዘንድ ሂድ ካሉኝ ሄጄ እናገራለሁ። ቅስናውን ከነሱኝም ዲያቆን ሆኜ ከያምሮት ጋር እኖራለሁ።»

እኔ አለቅሳለሁ፤ ዶክተሯም አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

አልጋው መንቀሳቀስ ሲጀምር ላቀው አብሮኝ ይራመዳል። ከተጫጨን ሁለት ዓመታችን ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ነክቶኝ የማያውቀው ሰው እጄን ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል፣ ያውም በአባቴ ፊት።

አባየ ያዩናል። ቀስ ብለው ዞር ይሉና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ማስታወቂያ እንደ ዳዊት ይደግሙታል።