ከብስኩት ቆርቆሮው የወጡ ስሞች

ስለ ሰው አገር ልዑል ልጆች ሲከራከር እየዋለ፣ አጠገቡ የቆመውን አባት «ልጆችህ እንዴት አደሩ?» የማይል ሰው እናንተ ሰፈርም አለ?

እኛ ጋ ሞልቷል። አንዱ እኔ ነኝ፤ ለዚህ ነው የምቆጣው።

ፒያሳ፣ አክበረት ኬክ ቤት፣ ባንኮኒውን ከበን ማኪያቶ እንጠጣለን። አውሮፓ ውስጥ አንድ ልዑልና ሚስቱ ወንድና ሴት መንታ ወልደዋል፤ ስማቸው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይታወጃል። አክበረት ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጣ ሳምንቱን ሙሉ ግምት ስትሰበስብ ሰንብታለች። ሁለቱንም ስም ያገኘ ሙሉ ቶርታ ይሸለማል።

ሃፍቶም ጥግ ይዞ፣ ለሚስቱ ለሰምሃር የሚወስደው ወተት ፔርሙዝ ውስጥ እስኪሞላለት ይጠብቃል። ኡመር ወርቅ ቤት ቀለበትና ሐብል ላይ ስም የሚቀርጸው እሱ ነው። የእሱም ልጆች መንታ ናቸው። በሰባት ወራቸው ተወልደው፣ ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ሆስፒታል ማሞቂያ ውስጥ ናቸው። እጃቸው ላይ የታሰረው ወረቀት «የሰምሃር ልጅ አንድ»፣ «የሰምሃር ልጅ ሁለት» ይላል። የሰው ሁሉ ስም ሲቀርጽ የሚውለው አባታቸው ስም ማውጣት ፈርቷል። ስም ያለውን ልጅ መቅበር ይብሳል ብሎ ለአሠሪው ለኡመር ነግሮታል። ይህን ከሰማን ወዲህ ስለ ልጆቹ የሚጠይቀው የለም። ይሉኝታ ነው ትላላችሁ። ፈሪነት ነው እላለሁ!

አክበረት ወረቀቶቹን እያወጣች ታነባለች።

«አሌክሳንደርና ሶፊያ። ይሄኛው ደግሞ… ኧረ ይሄ ሰውዬ ሁለቱንም ከኳስ ሜዳ ነው ያመጣቸው!»

«ሴቷን በረኛ አደረጋት በዪኛ!» ይላል ኡመር።

ቀጣዩን ትገልጥና ሳቋ ያመልጣታል። «ሉልሰገድና አርሴማ!»

ቤቱ በሳቅ ይናጋል። «ልዑሉ እዚህ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነው እንዴ ያደገው?» ኡመር እንባውን እየጠረገ ወረቀቱን ይቀበላታል። «እንግዲህ ክርስትናውን እዚሁ ጊዮርጊስ ያደርጉታላ!»

ከጀርባው የገማቹን ስም ሊያይ ያገላብጠዋል። ምንም የለም። መልሶ ጽሑፉን ያያል፤ ሳቁ አፉ ላይ ይቀራል። ፊደሎቹ ቀጫጭን ናቸው፣ እግራቸው ወደ ውስጥ ቀለስ ያለ። በወርቅ ቤቱ መስኮት ደርድሮ የሚሸጣቸው ቀለበቶች ላይ ያሉት ፊደሎች።

«ሃፍቶም?»

ሃፍቶም ዓይኑን ከፔርሙዙ አያነሳም። «ጨዋታ ነው፣ ጋሼ።»

«ጨዋታ?» የምጮኸው እኔ ነኝ። «ሃያ ሁለት ቀን ጥርስህን ያየ የለም፣ ዛሬ ጨዋታ አማረህ? መቼ ነው የጻፍከው?»

«ጋሽ ገብረዮሐንስ፣ ይተዉኝ እባክዎ።»

«አልተውህም!»

«ዛሬ ጠዋት» ይላል፣ ለፔርሙዙ የሚናገር ይመስል። «ትንሿን ከኦክስጅኑ አላቀቋት። ብቻዋን ነው የምትተነፍሰው። ወንዱም ወተት መዋጥ ጀምሯል። ሐኪሟ ‹አሁንስ ተስፋ አለ› አለችኝ። እየመጣሁ ስሞቹ አፌ ላይ መጡ። ለሰምሃር እንኳን አልነገርኳትም… የሆነ ቦታ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው።»

አክበረት የማኪያቶ ማሽኑን ታጠፋለች። ኡመር ወረቀቱን እንዳይታጠፍበት በሁለት እጁ ይዞታል።

እኔ ግን ንዴቴ አይበርድም። ለማያውቃቸው ልጆች ሳምንት ሙሉ ሲጮህ የከረመ ቤት፣ ለእነዚህ ሲሆን ድምፁን ሊቀንስ ነው? ሃፍቶምን ትከሻውን ይዤ ወደ ሰዉ አዞረዋለሁ። አስፋልቱ ላይ ታክሲ የሚጠብቁት ሁሉ አንገታቸውን በበሩ አስግገዋል። የሃፍቶም ፊት ሳቅ ይሁን ልቅሶ ገና አልለየለትም።

«ቀና በል! ሹክ እንዳትለኝ፣ እኔ ብቻዬን አይደለሁም የምጠይቅህ። ይሄ ሁሉ ሰው እየሰማህ፣ ጮክ ብለህ መልስ፤ ልጆችህ ማን ይባላሉ?»