የፌቨን የመጀመሪያ ደንበኛ

«ይካዱ መች አልኩ ጋሼ! ዝም ይበሉ ነው ያልኩት!» አለች ፌቨን፣ የጥብቅና ካባዋን እየጎተተች። ካባው የውሰት ነው፤ ሁለት ፌቨን ያስገባል።

ኦይታ በካቴና የታሰሩ እጆቹን አንስቶ ግንባሩን አከከ። የላንቴ ሙዝ ገበሬ ነው፤ አባቷን ያክላል። በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ የጎረቤቱን የካሱን ክንድ በአካፋ ሰብሮ ነው እዚህ ችሎት በር ላይ የቆመው። የሚጠብቀው ፖሊስ ስልኩ ላይ ኳስ ያያል።

«ዝም ስል ምን ብለው ይጽፋሉ?»

እዚህ ጋ መዋሸት ነበረባት። ጠበቃ ሆና ውሸት አቃታት፣ ጉድ እኮ ነው!

«‹ክዷል› ተብሎ ይመዘገባል።»

«ታዲያ ያው ውሸት ነዋ!»

«ህጉ ነው እንደዛ የሚለው። እርሶ ምንም አልተናገሩም።»

«ልጄ፣ እኔ ዱቡሻ ላይ፣ አገር በተሰበሰበበት፣ መታሁት ብያለሁ። ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ አስታርቆናል። አሁን እዚህ መጥቼ ብክድ ጎሜ ነው፣ እርም ነው። ጎሜ ደግሞ እኔን ቢይዘኝ ምን ነበረበት፤ ልጆቼን ነው የሚጥልብኝ።»

ፌቨን ጴንጤ ነኝ ብላ በጎሜ ታላግጣለች። ነገር ሲበላሽባት ግን ቀድሞ ትዝ የሚላት እሱ ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነበር። ሲመታ ያየ ሰው የለም። ካሱም ከታረቁ ወዲህ «አልመሰክርም» ብሏል። ሰውዬው አፉን ከዘጋ ነፃ ነው። ከከፈተው ስንት ዓመት እንደሚገባ እሷ ነች የምታውቀው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ዐቃቤ ህግ ሆና ሰው ስታሳስር ኖራ፣ የጠበቃ ፈቃድ ያወጣችው ባለፈው ወር ነዋ። ይሄን ሲቀላ ሰፈር ያለ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው ኦይታ ብቻ ነው። ልትነግረው ሦስቴ አፏን ከፍታ፣ ሦስቴም ስለ ሙዝ ዋጋ ጠየቀችው።

«በቃ አንቺ አለሽልኝ» አለ ኦይታ። «እኔ አማርኛ ሲፈጥን ይጠፋብኛል። አንቺ ትናገሪልኛለሽ።»

ተጠሩ።

ከሳሽ ወንበር ላይ ዐቃቤ ህጉ ሳምሶን ተቀምጧል። እስካለፈው ወር አንድ ቢሮ ነበሩ፤ ምሳ ሰዓት አንድ የጫሞ ዓሳ ለሁለት ይበሉ ነበር። በዓይኑ ሰላም አላት፤ አንገቷን ደፋች።

ዳኛዋ ክሱን አንብበው ጨረሱ። «ድርጊቱን ፈጽመዋል ወይስ አልፈጸሙም?»

ኦይታ ዝም አለ። ፌቨን በልቧ አበረታታችው። በርታ፣ በርታ የኔ አባት፣ ትንሽ ነው የቀረህ።

«እንግዲህ ዝም ካሉ እንደ ክህደት...» ብለው ዳኛዋ ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ።

«ቆይ፣ ቆይ እመቤቴ!» አለ ኦይታ። «መትቻለሁ። በአካፋ። ሁለቴ።»

ሁለቴው ክሱ ላይ አልነበረም። ሳምሶን ቶሎ ብሎ ጻፈው።

«ጠበቃ፣ የሚሉት አለ?»

ፌቨን ብድግ አለች። የምትለውማ ሞልቷል፦ ታርቋል፣ ካሳ ከፍሏል፣ ሽማግሌዎቹም ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። ግን ጭንቅላቷ ባዶ ቀረ። አፏ ሆዬ፣ ስድስት ዓመት የለመደውን መንገድ ይዞ ብቻውን ሄደ።

«ክብርት ዳኛ፣ ተከሳሹ በዝርዝር ስላመነ፣ በዐቃቤ ህግ በኩል ጥፋተኛ ይባልልን።»

ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ። ሳምሶን ፊቱን በመዝገብ ሸፈነ። ኳስ ሲያይ የነበረው ፖሊስ ሳይቀር ሳቀ።

ኦይታ አልሳቀም። ሳምሶንን አየ፣ እሷን አየ፣ ደግሞ ሳምሶንን አየ። ከዛ ቀስ ብሎ ከአጠገቧ ተነሳና ሄዶ ፖሊሱ ጎን ቆመ።