የሳንድሬቲ ዕድሜ

ወልደየስ ከተኛችው የእብነበረድ ሴት ሐውልት አጠገብ ካለው የጥበቃ ወንበር ብድግ አለ። ጎረቤቶቹ አቶ ካሳሁንና ተሻለች በአዳራሹ በር እየገቡ ነው። ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ተሻለች ማክሰኞ ማክሰኞ የአረጋውያን ቤት ታጸዳለች፤ አቶ ካሳሁን ከሰፈራቸው ከሙርዋይክ የሚወጡት ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ወልደየስ ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ሙዚየም አራት ዓመት ሲሠራ ሊጠይቀው የመጣ ሰው የለም።

«እንዲያው ሥራህን እንይ ብለን ነው» አሉ አቶ ካሳሁን፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ። «ስትጨርስ አብረን ወደ ቤት እንሄዳለን።»

ተሻለች የጆሮ ወርቋን አውልቃለች። ያን ጊዜ መርዶ ይዘው እንደመጡ ገባው። አገር ቤት የቀሩት እናቱ ብቻ ናቸው።

«እንግዲያውስ ላስጎብኛችሁ» አለ ቶሎ ብሎ። «ይህችን የቀረጻት ሳንድሬቲ የሚባል ጣሊያን ነው። የድንጋይ ጠራቢ ልጅ። በአሥራ አምስት ዓመቱ ሮም ገባ።»

«ጣሊያንማ ድንጋይ ይችልበታል» አሉ አቶ ካሳሁን። «የእኛን ድልድይ አላየህም?»

ወልደየስ የሙዚየሙን መጽሔት በቃሉ ያውቀዋል። ሳንድሬቲ ሮም ላይ ስለተሸለመው ሜዳሊያ ነገራቸው። ይህች ሴት ስድስት ዓመት እንደፈጀች ነገራቸው። ከዚያ በኋላ መጽሔቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ፦ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ በሃምሳ አንድ ዓመቱም ሞተ። መስመሯን ዘለላትና ከራሱ ፈጥሮ ቀጠለ።

«ከዚያ ናፖሊ ወረደና ፈረስ ቀረጸ።»

ተሻለች ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ እርጥብ ነው።

«ትልቅ ፈረስ ነው፣ ወልደዬ?»

«ዓይኑ ብቻ የእኔን ጡጫ ያህላል።»

«ከፈረሱስ በኋላ?»

«መላእክት ሠራ። አሥራ ሁለት። አንዱ ክንፉ ተሰብሮበት እንደገና ጀመረው።»

አቶ ካሳሁን አላቋረጡትም። ሳንድሬቲ ስልሳ ሞላው፣ ሰባ ሞላው፣ ሰማንያን አልፎ አሁንም መሮውን አላስቀመጠም። ወልደየስ ትንፋሽ ሲያጥረው ተሻለች ጥያቄ ታቀብለዋለች፤ እሱም ይቀጥላል።

«ይሄን ሁሉ ሲሠራ» አለች፣ ልታግዘው ብላ፣ «እናቱ አይተውለታል?»

ወዲያው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አቶ ካሳሁን መሬት መሬት ያያሉ።

«አላዩም» አለ ወልደየስ። «በሉ፣ ወደ ቤት እንሂድ።»

ከዚያ የጥበቃ ኮቱን ቁልፎች ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር።