አንድ ሰዓት ብቻ

የእግር አቅም መዋዋስ ከተፈቀደ ወዲህ ታላቅ እህቴ ወሰንየለሽ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ታውሰኛለች። እኔ በእሷ አቅም ስራመድ እሷ መቆም አትችልም።

ትናንት ወንዙ ዳር ወዳለው መንገድ ሄድኩ። ዳገትም ደረጃም ስለሌለው ዓመታት በዊልቸር ተመላልሼበታለሁ። በእግር ሲሄዱበት ግን ሌላ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ የውሰቱን ጊዜ የሚቆጥረው የእጄ አምባር ነዘረኝ። "እስከ ድልድዩ ብቻ" ብዬ አራዘምኩት። ድልድዩ ጋ ስደርስ ደግሞ ጫማዬን አውልቄ ውሃው ውስጥ ገባሁና እንደገና አራዘምኩ።

ቤት ስገባ ያረረ ሽሮ ሸተተኝ። እህቴ የጓዳው ወለል ላይ ተቀምጣ፣ የምድጃውን ማጥፊያ በመጥረጊያ እንጨት ለመንካት ትታገላለች። ዘልዬ አጠፋሁት።

"ታክሲ አጥቼ ነው፣ እትዬ" አልኳት።

እርጥብ ሱሪዬን አየችው።

"ውሃው ይቀዘቅዛል?"

"ይቀዘቅዛል።"

"እሰይ፣ እንኳን ገባህበት። ነገም ሂድ። ብቻ ከመውጣትህ በፊት ምድጃውን አጥፋልኝ።"

ላነሳት እጄን ስዘረጋ አምባሬን አየሁት። አሁንም ይቆጥራል። ይህን ሁሉ ስንነጋገር እሷን መሬት አስቀምጬ፣ በእሷ እግር ቆሜ ነበር የዋሸኋት።