ሦስተኛው «እንብላ»

ልጅቷ ወደ ምሳ ቤቱ እንደገባች በቀጥታ ወደ ቀኙ ቧንቧ ሄደች። መኩሪያ የጠቀለለውን ጉርሻ በእጁ እንደያዘ ቀረ። ከሰማያዊው ሮቶ የወጡት ቧንቧዎች ሁለት ናቸው። የግራው ውሃ ካቆመ ቆይቷል፤ ለበሩ ስለሚቀርብ ግን እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ጠምዝዞ፣ ፉጨቱን ሰምቶ፣ አጉረምርሞ ነው ወደ ቀኙ የሚዞረው። ይቺ ልጅ አልነካችውም።

እጇን እያራገፈች ወደ ኩሽናው አለፈችና የቤቱን ባለቤት አፀደን፣ «ድስቶቹን አይቼ ማዘዝ እችላለሁ?» አለቻት።

«ማን ነገረሽ እቴ?» አፀደ ሳቀች። «ግቢ፣ እዪ።»

ማን እንደነገራት መኩሪያ ያውቃል። እሱ ነው የነገራት። ጡረታ ከወጣ ወዲህ «የሰፈር ሰው» በሚል የብዕር ስም ቴሌግራም ላይ ይጽፋል። አዲስ አበባን ሊያይ የመጣ ሰው ሙዚየምና እንጦጦ ብቻ አይቶ እንዳይመለስ፣ ከለቡ መብራት ኃይል የቱን ታክሲ እንደሚይዝ፣ ሀና ማርያም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የት ወርዶ ምን እንደሚበላ አንድ በአንድ ይነግረዋል። ሠላሳ ዓመት በቀያሽነት ሲረግጠው የኖረው ሰፈር ነው። ገጹን የከፈተችለት የእህቱ ልጅ ቤተልሄም ናት። አንባቢ አለው፤ ጽሑፉን ተከትሎ እዚህ በር የገባ ሰው ግን እስከ ዛሬ አይቶ አያውቅም። በጣም ደስ አለው። ደስታውን የሚነግረው ሰው ፈልጎ ቀና ሲል ፊት ለፊቱ ያለው የገዛ ባርኔጣው ነው።

ባርኔጣውን ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጠው ሆን ብሎ ነው፣ «ሰው አለው?» ብለው እንዳይጠይቁት። «የለውም» ማለት ይከብደዋል። ወንበሩ የሚስቱ የኤሌኒ ነበር፤ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው።

የጻፈውን በቃሉ ይወጣዋል። «ዓርብ ሂዱ። የጾም ቀን ስለሆነ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ ይበላል። ብቻችሁን ብትሄዱም ብቻችሁን አትበሉም። ‹እንብላ› ይሏችኋል። ሁለት ጊዜ እምቢ በሉ፣ ወግ ነው። ሦስተኛው ላይ ‹በሞቴ› ይጨመርበታል። ያን ጊዜ እምቢ አይባልም፤ ቁጭ በሉ።»

ዛሬ ዓርብ ነው። ቤቱ ውስጥ ግን ከእሱ በቀር ተመጋቢ የለም። ከጎን የነበረው ጋራዥ ከተነሳ ወዲህ ወንበር ይሻሙ የነበሩት መካኒኮች ቀርተዋል። እውነቱን ለመናገር መኩሪያ የጻፈው ኤሌኒ የነበረችበትን ዘመን ነው፤ አንባቢ ይመጣል ብሎስ መች አሰበ።

ልጅቷ ሂጃቧን እያስተካከለች ከኩሽናው ወጣች።

«እንብላ» አላት በአጠገቡ ስታልፍ።

«አላህ ይስጥልኝ፣ ይብሉ ጋሼ።»

«ኧረ እንብላ። ሽሮው ገና አልቀዘቀዘም።»

«ይብሉ፣ ይብሉ። እኔም አዝዣለሁ።»

አለችና አልሄደችም። የቦርሳዋን ማንገቻ ይዛ፣ ፈገግ እንዳለች ቆመች። ሁለቴ እምቢ ብላለች፤ ተራው የእሱ ነው።

«በሞቴ» የኤሌኒ ቃል ነበር። ለመካኒኩም፣ ለደላላውም፣ ውሃ ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣውም ሳትሰስት ትለው ነበር። «ምናለ ሞትሽን በየገበታው ባትጠሪው» እያለ ይቀልድባት ነበር መኩሪያ። ከቀበራት ወዲህ ቃሉ አፉ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። አሁንም መጣና ተመለሰ። ዕድሜ ልኩን መንገድ ሲቀይስ የኖረ ሰው አንዲት ቃል ጠረጴዛ ማሻገር አቃተው። አቀርቅሮ ትሪውን ማየት ጀመረ።

ልጅቷ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ጥግ ወዳለው ጠረጴዛ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። ስልኳን አወጣች።

የመኩሪያ የደረት ኪስ ነዘረ። ንጹሕ በሆነው ግራ እጁ ስልኩን አውጥቶ፣ ከዓይኑ አርቆ አነበበ።

«ሰላም የሰፈር ሰው። ሲሃም እባላለሁ፣ ከወልቂጤ ነኝ። ለሥራ ከመጣሁ ሦስት ቀኔ ነው፤ ከሆቴሉ አስተናጋጅ በቀር ያናገረኝ የለም። ዛሬ የጻፉትን ሁሉ አደረግሁ። ቧንቧውም እንዳሉት ነው። አንድ አባት ሁለት ጊዜ እንብላ አሉኝ፣ ሦስተኛው ግን ቀረ። ያበላሸሁት ነገር ይኖር ይሆን?»

«ምንም አላበላሸሽም» ብሎ በአውራ ጣቱ ጻፈ። ሰረዘው። «ጥፋቱ የሰውየው ነው» ብሎ ጻፈ። እሱንም ሰረዘው። ከወዲያ ማዶ የልጅቷ ጀርባ ይታየዋል፤ አንገቷን ስልኳ ላይ ደፍታ መልስ ትጠብቃለች። እሱም ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ እንዲህ ነው የሚቀመጠው። ከኋላው ያየው ሰው ስለሌለ ነው እንጂ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ባርኔጣውን ከወንበሩ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«ሲሃም» አለ።

ልጅቷ ዞረች። እዚህ ቤት ውስጥ ስሟን ለማንም አልነገረችም። መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ የተደፋውን ስልክ፣ ከዚያ ባዶውን ወንበር አየች።

«በሞቴ» አለ መኩሪያ። ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረ፣ ቃሉ ግን ወጣ።

አፀደ የልጅቷን ምሳ ይዛ ከኩሽናው ብቅ አለች። ሁለቱን አየቻቸው። ወደ ጥጉ ጠረጴዛ አልሄደችም፤ መጥታ እንጀራውን መኩሪያ ትሪ ላይ፣ በወንበሩ በኩል ዘረጋችው።