እኔን ባይ

አለት የሚባለው ጀግና በሥዕል መጽሐፍ ብቻ በነበረ ጊዜ አንባቢ አይጎዳም ነበር። ጌም ሆኖ ከመጣ ወዲህ ግን እሱን ያገኘው ምት ሁሉ የተጫዋቹ ገላ ላይ ያርፋል። ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ሰው "እኔን" ካለ ደግሞ፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ምቱ ወደዚያ ሰው ይዞራል።

ጌሙን የሠሩት ሰዎች ከእኛ ጋር ኖረው አያውቁም። ሰው ሲደናቀፍ ሳናስበው ከአፋችን የሚወጣውን ቃል የዱላ መጥሪያ አደረጉት። ባሌ ዳምጠው መጀመሪያ የተጫወተ ቀን፣ አለት ሲወድቅ አይቼ "እኔን" ብዬ ጎድኔ ተሰብሯል።

ዛሬም እሱ ሳሎን ይጫወታል፣ እኔ ኩሽና ሽንኩርት እከትፋለሁ። ቢላው አዳለጠኝና ጣቴን ቆረጠኝ። የአራት ዓመቷ ልጃችን ሶሊያና ደሜን ስታይ አፏን ከፈተች። ከሳሎን የአለት ጠላት መዶሻውን እያነሳ ሲያጓራ ይሰማኛል።

"እማዬ፣ እኔ..." ስትል አፏን በጥፊ መታኋት።

ወደቀች። መዶሻው አረፈ፤ ዳምጠው ጮኸ።

የተሰበረ ክንዱን ደግፎ ኩሽና ገባ። የሶሊያና አፍ በጣቴ ደም ተለውሷል።

"ማነው የመታት?" አለኝ።

ጌሙ ገና አልጠፋም።

"እኔ" አልኩት፣ ቃሉን እስከ "ን" ሳላደርስ።

ሶሊያና የአባቷን የተንጠለጠለ ክንድ አየች። ከዚያ በሁለት እጇ አፏን ከደነች።