ከኢድሪስ የተወሰደችው እናት

በዚያ ዘመን ወንጀለኛ አይታሰርም፤ ተበዳዩ ከበዳዩ አእምሮ አንድ ትዝታ መርጦ ያስፍቅበታል። ኢድሪስ የእህቱን የሃስናን ባል ማዕበል ላይ ጥሎ በጀልባው ስላመለጠ፣ ሃስና ችሎት ፊት ቆማ፣ «እናታችንን ከአእምሮው ፋቁበት!» አለች።

ሽማግሌዎች ለይምሰል ካስታረቋቸው ከዓመታት በኋላ፣ ወንድምና እህቱ ከኢድሪስ ልጅ ከሚና ጋር በባቡር ወደ ዘመድ ሰርግ ይጓዙ ነበር። ባቡሩ በተወለዱበት የዓሣ አጥማጆች መንደር በኩል ሲያልፍ መረቦች በየደጁ ተሰጥተው ታዩ።

«አባዬ፣ አያቴ እንዴት ያለች ነበረች?» አለች ሚና።

ኢድሪስ አንገቱን ደፋ። «ሃስናዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ከባሕሩ ዳር ለእራት ትጠራን ነበር ይሉኛል፤ ምን ትለን ነበር?»

ይህን ልመና ለመስማት ስንት ዓመት ጓጉታለች!

«አልነግርህም» አለችው። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያም ያንን ጥሪ ለብቻዋ ልታጣጥመው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አልመጣላትም፤ ከፍርዱ ወዲህ ሰምታው ስለማታውቅ ከእሷም ጠፍቷል። እናታቸው ስትሞት እሷ ሕፃን ነበረች፤ በእናታቸው ድምፅ አስመስሎ እየጠራ ያሳደጋት ኢድሪስ ነው።

ልትጠይቀው ዞረች። እሱም ዓይን ዓይኗን እያየ መልሷን ይጠብቅ ነበር።